ካሳው በዜማ፦ ከዙር አባ እስከ ቤተ ልሔም

በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደም የተቃቡ ቤተሰቦች የሚታረቁት በሽማግሌና በካሳ ነው። ገዳዩ ብቻውን ከፍሎ አይወጣም፤ ዘመድ ያዋጣል፣ ሽማግሌ ይለምናል፣ ቄስ መስቀል ይዞ መካከል ይቆማል። ካሳው ካልተከፈለ ጠቡ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ላደገ ሰው አዳም በደለ፣ ዕዳው ለልጅ ልጅ ተረፈ፣ ካሳው ከሰው ሁሉ አቅም በላይ ሆነ፣ አምላክም ራሱ ሰው ሆኖ ከፈለው ቢሉት ነገሩ አይከብደውም። የሚደንቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ካሳውን የከፈለው ተበዳዩ መሆኑ።

ይህ ትምህርት ወደዚህ አገር የመጣበትን መንገድ ብዙ ሰው የሚያውቀው በየቁርጥራጩ ነው። ያሬድና ትሏን ከልጅነቱ ሰምቷል። ግራኝ ቤተ ክርስቲያን ማቃጠሉን፣ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ መደረጉን፣ የያሬድ የዜማ መጽሐፍ ድጓ የሚመሰከረው ጋይንት ቤተ ልሔም መሆኑን ያውቃል። አራቱ ግን የአንድ ታሪክ ምዕራፎች ናቸው። ስለ አምላክ ባሕርይ ነገሥታትና ሊቃውንት በየጉባኤው ሲከራከሩ፣ አንዳንዴም ሲጋደሉ፣ የፍቅሩንና የካሳውን ነገር ሳይበጠስ ለሕዝቡ ያደረሰው ከሁሉ በላይ ዜማው ነው።

ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት፦ ከአክሱም ወደ ጋይንት

የመጀመሪያው ጳጳስ ፍሬምናጦስ የተሾመው በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በአትናቴዎስ እጅ ነው። አትናቴዎስ አምላክ ስለ ምን ሰው እንደሆነ መጽሐፍ የጻፈ፣ ወልድ ፍጡር ነው ከሚሉት ከአርዮስ ወገኖች ጋር ዕድሜውን ሲከራከር የኖረ አባት ነበር። ስለዚህ ክርስትና ወደ አክሱም ሲገባ የባሕርይ ክርክሩን ይዞ ነው የገባው። ቀጥሎም የቄርሎስ ድርሳናት ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ተመለሱ፤ መጽሐፉ ዛሬም ‹ቄርሎስ› ተብሎ በየመምህሩ ቤት ይተረጎማል። መለኮትና ሥጋ ያለመለያየትና ያለመቀላቀል አንድ ሆኑ የሚለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት መሠረቱ እዚያ ነው።

ቄርሎስን አንብቦ የሚረዳው ግን ጥቂት ሰው ነበር። ለገበሬው፣ ለእረኛውና ለአሮጊቷ ሌላ መንገድ ያስፈልግ ነበር።

መንገዱን የከፈተው ያሬድ ነው። በትውፊቱ እንደሚነገረው በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን በአክሱም የኖረ ካህን ነው። ትምህርት አልገባው ብሎ ሲሸሽ ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ የተሳካላትን ትል አይቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወፎች ከገነት መጥተው ሰማያዊውን ዜማ አስተማሩት። ሊቃውንቱ የወፎቹን ሦስትነት በሥላሴ ይመስሉታል። ሦስቱን የዜማ ስልቶችም እንዲሁ፦ ግዕዝን ለአብ፣ ዕዝልን ለወልድ፣ አራራይን ለመንፈስ ቅዱስ ይሰጣሉ። ዕዝል ሐዘን የተጫነው ስልት ነውና የመስቀሉን መከራ ለተቀበለው ለወልድ መሰጠቱ በዘፈቀደ አይደለም። ስለዚህ ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ በቅዳሴ ቆሞ ሦስቱን ስልቶች ሲሰማ የሥላሴን ትምህርት በጆሮው ይማራል ማለት ነው።

ያሬድ ሲዘምር ንጉሡ በተመስጦ ጦሩን ተክሎ የያሬድን እግር እንደ ወጋው፣ ሁለቱም ዜማው እስኪያልቅ ሳይሰማቸው እንደ ቆዩ የሚናገረው ታሪክ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥሏል። ለዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የተደረገው ጉዞ ነው። በጋይንት እንደሚነገረው ገብረ መስቀል፣ አቡነ አረጋዊና ያሬድ ወደ ዙር አባ መጡ፤ ያሬድም ዝማሬና መዋሥዕቱን እዚያ ደረሰ። ዙር አባ እስከ ዛሬ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት፣ ማለት ተማሪው የተማረው ታርሞ የሚረጋገጥባት ቦታ፣ ናት። ዝማሬ የቅዱስ ቁርባን ዜማ ነው፤ ክፍሎቹም አምስት ናቸው፦ ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴትና ምሥጢር። ስለ ኃጢአት የተቆረሰው ሥጋና የፈሰሰው ደም የራሳቸው የዜማ ክፍል አላቸው ማለት ነው። መዋሥዕቱ ደግሞ በሙታን ፍትሐት ላይ ይቆማል። አንድ የጋይንት ሰው ከቁርባን እስከ መቃብር ያሬድን ሳይሰማ አያልፍም።

ከ1416 እስከ 1460 ዓ.ም.፦ የእግዚአብሔር መልክ

ቀጣዩ ትልቅ ክርክር የመጣው ከውጭ አልነበረም፤ እዚሁ አገር የበቀለ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ‹መጽሐፈ ምሥጢር›ን ጽፎ የመናፍቃንን ትምህርት በየተራ አፈረሰ። ከእርሱ በኋላ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነገሠ። ይህ ንጉሥ ሲነግሥ ዘውድና ብዕር አንድ ላይ ተቀመጡ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ‹መጽሐፈ ብርሃን›ና ‹መጽሐፈ ሚላድ› በስሙ ይታወቃሉ።

የዘርዐ ያዕቆብ ተቃዋሚዎች ከሆኑት መካከል ዘሚካኤል የተባለው ሊቅና ተከታዮቹ ነበሩ። የእግዚአብሔርን መልክ ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም ይሉ ነበር። ንጉሡ በበኩሉ አዳም በሥላሴ አርአያ ከተፈጠረ ሦስቱ አካላት የሰው መልክ አላቸው ብሎ ጸና። ሌላው ወገን አባ እስጢፋኖስንና ደቀ መዛሙርቱን የያዘው ነው፤ ከአብ፣ ከወልድና ከመንፈስ ቅዱስ በቀር ለማንም አንሰግድም ብለው ብርቱ ቅጣት ተቀበሉ። የባሕርይ ጥያቄ ከመንግሥት ሥልጣን ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያስከትል ያን ጊዜ ታየ። ለሚቀጥሉት አራት መቶ ዓመታትም ይኸው ተደጋገመ።

ንጉሡ ግን በፍቅርና በምሕረት በኩል ያስተማረው ነገር ከክርክሩ ሁሉ በላይ ዘለቀ። ‹ተአምረ ማርያም› በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዘ፤ ከተአምራቱም መካከል የበላዔ ሰብእ ታሪክ ለሕዝቡ የኃጢአትና የይቅርታ መማሪያ ሆነ። 78 ሰው የበላ ሰው፣ በድንግል ማርያም ስም ውኃ ለለመነው ጥማተኛ ድውይ አንድ ጥርኝ ሰጠ። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ተቀመጠች፤ ያቺ ጥርኝ ውኃ 78ቱን ነፍስ መዘነች። ታሪኩ ኋላ በጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች እጅ የተወደደ ሥዕል ሆኗል። ፍርድ አጥብቆ የሚወድ አድማጭ ሲሰማው አሁንም ይከነክነዋል፤ ታሪኩ የተጻፈውም እንዲህ ያለውን ሰው ለመከንከን ይመስላል።

ከ1521 እስከ 1551 ዓ.ም.፦ እሳትና ቀይ ቀለም

በመጋቢት 1521 ዓ.ም. የዐፄ ልብነ ድንግል ጦር በሽምብራ ኩሬ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ግራኝ የተባለው የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ሠራዊት ከሸዋ እስከ አማራ፣ ከትግራይ እስከ በጌምድር ገባ። ቤተ ክርስቲያኖች ተቃጠሉ፣ መጻሕፍት ነደዱ። ለዜማው ጉዳቱ ከሕንፃው ይልቅ የከፋ ነበር። ድጓ የሚያውቅ መምህር ሲገደል ወይም ሲሰደድ ከእርሱ ጋር የሚጠፋውን በብራና መተካት አይቻልም ነበርና።

የቤተ ልሔም ክብር ከዚህ ጥፋት ጋር የተያያዘ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ከቃጠሎው ተርፎ የተገኘው ድጓ የተጠበቀው በጋይንት ቤተ ልሔም ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ በየቦታው የተረፈው የዜማ ስልት ከዚያ ጋር እየተመሳከረ ተቃና። ቆማና አጫብር የተባሉት ሌሎቹ የዜማ ቤቶች የየራሳቸውን ስልት ይዘው ቀሩ። የቤተ ልሔሙ ግን ከሁሉ ሰፍቶ የአገሩ ሁሉ መመዘኛ ሆነ።

ኢማም አሕመድ በየካቲት 1535 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ዐፄ ገላውዴዎስ በአገሩ ላይ ሁለት ሥራ ሠራ፤ ወይም በዘመኑ ተሠራ። አንደኛው በ1547 ዓ.ም. ነው። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጎንሳሎ ሮድሪገስ ኢትዮጵያውያን በሃይማኖት ስተዋል ብሎ ሲሞግት ንጉሡ ራሱ የሃይማኖቱን መግለጫ ጻፈ። ሥላሴን፣ የወልድን ሰው መሆን፣ ስለ እኛ መሰቀሉንና መነሣቱን በአጭሩ ተናዘዘ፤ ሰንበትን፣ ግዝረትንና የእሪያን ሥጋ አለመብላትን በተመለከተ የተሰነዘረውን ክስም አንድ በአንድ መለሰ። ገና ከጦርነት የወጣ፣ በጦርነቱ የረዱትን የፖርቱጋል ወታደሮች ውለታ የተሸከመ ንጉሥ ለሮም ‹እምነታችን ይኸው› ብሎ መጻፉ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ሥራ የዜማው ነው። በአማራ ሳይንት በምትገኘው በተድባበ ማርያም የነበሩ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የድጓውን ምልክት አደራጁ። ድጓውን ገልጦ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ቃሉ በጥቁር ቀለም ወፍራም ሆኖ ይጻፋል፤ በመስመሮቹ መካከል ከቃሉ ራስ ላይ ደቃቅ ፊደላት ይሰፍራሉ፤ በዓላቱና ርእሶቹ በቀይ ይገባሉ። ደቃቆቹ ፊደላት ድምፁን በቁጥር ወይም በከፍታ አያመለክቱም። ተማሪው ቀድሞ ከሚያውቀው ሌላ ዜማ የተቀነጨቡ ናቸው። አንድ ወይም ሁለት ፊደል ሲያይ ‹ይህ እንደዚያ ነው› ብሎ ያስታውሳል። ስለዚህ ምልክቱን ብቻ ይዞ ድጓ የሚያወጣ የለም፤ የኔታ ዘንድ መቀመጥ ግድ ነው። በአንዲት ገጠር ያለ ቤተ ክርስቲያን ለአገር ሁሉ ምስክር መስጠት የቻለበት ምክንያት ይኸው ነው፤ መጽሐፉ ብዙ ቦታ ቢኖርም የሚያርመው ሰው የሚገኘው በጥቂት ቦታ ነበር።

ከፊደላቱ ሌላ ስምንት ምልክቶች አሉ፦ ይዘት፣ ቅናት፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ ቁርጥ። መምህራን ሲያስተምሩ እያንዳንዱን ከክርስቶስ ሕማማት ጋር ያያይዙታል። ዝርዝሩ ከመምህር መምህር ጥቂት ቢለያይም ይዘት በአትክልቱ ስፍራ መያዙን፣ ድፋት ተገፍቶ በምድር መውደቁን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን ነጠብጣብ ያሳስባል። አንድ የድጓ ተማሪ ከመስመር በላይ ነጠብጣብ ባስቀመጠ ቁጥር የመስቀሉን ደም ያስባል ማለት ነው። የካሳውን ትምህርት በምልክቱ ውስጥ እንዲህ የከተተ የዜማ ሥርዓት ሌላ ቦታ መገኘቱን እንጃ።

የድጓው አቀማመጥም ራሱ ትምህርት ነው። የዐቢይ ጾሙ ጾመ ድጓ ሲከፈት የመጀመሪያው ሳምንት ዘወረደ ይባላል። የሰው ንስሐና ለቅሶ ከመምጣቱ በፊት የአምላክ ከላይ መውረድ ይዘመራል፤ መጻጉዕ፣ ገብር ኄርና ኒቆዲሞስ ከዚያ በኋላ ይከተላሉ። ከበሮና ጸናጽል በእነዚህ ሳምንታት ዝም ይላሉ፤ መቋሚያ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ከ1614 እስከ 1624 ዓ.ም.፦ የሱስንዮስ ዐሥር ዓመት

ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበለ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ብልህ ኢየሱሳዊ በትዕግሥት ያዘጋጀውን ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በችኮላ አጠፋው። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ በዓላትና አጽዋማት በሮም አቆጣጠር እንዲውሉ ታዘዘ። ለሊቃውንቱ ጉዳዩ የአንድ ባሕርይና የሁለት ባሕርይ ክርክር ነበር። ለገበሬው ግን ጾሙንና በዓሉን መነካት ነበር፤ ጾሙንና በዓሉን ስትነካ ደግሞ ድጓውን ትነካለህ። ዓመቱ ሲዛባ ምን ይዘመር?

ከጋይንት ጎረቤት በላስታ መልክአ ክርስቶስ ዐመፀ። እንደ ወለተ ጴጥሮስ ያሉ ወይዛዝርት ቤታቸውን ጥለው ወደ ገዳም ሸሹ፤ የእርሷ ገድል የዚያን ዘመን ትግል ከሴቶች ወገን የሚያሳይ ብርቅ ምስክር ነው። በሰኔ 1624 ዓ.ም. ንጉሡ ዐመፀኞቹን ድል ነሣ፤ በሜዳው የወደቁት ግን የራሱ ገበሬዎች ነበሩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አወጀና ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ።

ከ1624 እስከ 1713 ዓ.ም.፦ ጎንደርና ሦስቱ ወገኖች

ኢየሱሳውያን ተባረሩ፤ ጥያቄያቸው ግን ቀረ። ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ ሲባል ምን ማለት ነው? አምላክ ከሆነ ቅባት ለምን አስፈለገው?

ከዚህ ሦስት መልስ ወጣ። ቅባቶች፣ በተለይ በጎጃም፣ ሥጋ የባሕርይ ልጅነትን ያገኘው በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ነው አሉ። የጸጋ ወገኖች፣ ኋላ የሦስት ልደት ሰዎች የተባሉት፣ ከአብ ያለውን ቀዳማዊ ልደትና ከድንግል ያለውን ደኃራዊ ልደት ቆጥረው ቅባቱን ሦስተኛ ልደት አደረጉት። ተዋሕዶዎች፣ ካራ የተባሉት፣ ሥጋ የከበረው በተዋሕዶ ነው፤ ቅባቱ ራሱ ወልድ ነው፤ ልደቱም ሁለት ብቻ ነው ብለው ጸኑ።

ለዛሬ አንባቢ ይህ የቃላት ጨዋታ ሊመስለው ይችላል፤ አልነበረም። ከሥሩ ያለው የካሳው ጥያቄ ነው። በመስቀል ላይ የሞተው በጸጋ ብቻ የከበረ ሰው ከሆነ ሞቱ የዓለምን ዕዳ እንዴት ይከፍላል? ሥጋውስ በእውነት የእኛ ሥጋ ካልሆነ ስለ ማን ከፈለ? ሦስቱም ወገኖች መስቀሉ እንዲያድን ፈልገው ነው የተጣሉት፤ ይህን መርሳት ዘመኑን ሁሉ እብደት አስመስሎ ያሳያል።

ቢሆንም የተደረገው ተደርጓል። ነገሥታቱ በየጉባኤው እየዳኙ አንዱ የሠራውን ሌላው አፈረሰ። ዐፄ ቴዎፍሎስ ወደ ቅባት አደላ፤ በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን በ1713 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በንጉሡ ወታደሮች ታረዱ። ስለ ፍቅር አምላክ የተደረገ ክርክር በመነኮሳት ደም ሲፈታ ይኸው አንዱ ነው።

በዚያው ዘመን ግን ሌላው ሥራ ቀጥሏል፤ ከጉባኤዎቹም ይልቅ ለሕዝቡ የቀረው እርሱ ነው። ጎንደር የአቋቋም መዲና ሆነች፤ የአንድምታ ትርጓሜም በዚያ ተደራጀ። ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው ሁሉ ትርጓሜ አላቸው። የከበሮው ሰፊ አፍ መለኮትን፣ ጠባቡ ትስብእትን ይመስላል፤ የተጠላለፈው ጠፍር የግርፋቱን ሰንበር። መዘምራን መቋሚያቸውን ይዘው ወዲያና ወዲህ ሲሉ ጌታ ከአደባባይ አደባባይ መገፋቱ ይታሰባል። ሦስቱም ወገኖች የሚዘምሩት ያሬድን ነበር። በጉባኤ የተወጋገዙት መምህራን በማኅሌት ቢገናኙ አንዱ የመራውን ሌላው ይቀበለው ነበር።

ገጠሩ ደግሞ የራሱ ሊቅ ነበረው፦ የስቅለት ዐርብ። ይህ ሥርዓት ዛሬም እንዳለ ነው። በቤተ መቅደሱ ጥቁር መጋረጃ ይዘረጋል። ሰዎች በነጠላ አደግድገው ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግዱ ይውላሉ፤ ኪርያላይሶን እየተባለ ይቆጠራል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ሞቱ ይታወጃል። ማምሻውን ምእመኑ በካህኑ ፊት ተራ ይዞ ያልፋል። ካህኑ በወይራ ጥብጣብ ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል፤ እንደ በደሉ ተጨማሪ ስግደት ይሰጠዋል። አንዱ ‹ተጣልቼ ነበር› ይላል፤ ሌላዋ ‹ጾም ፈትቻለሁ› ትላለች። ቅባትም ይሁን ካራ፣ ይህን ቀን ጾሞ ሰግዶ የዋለ ሰው ካሳው ስለ እርሱ መሆኑን በጉልበቱ ያውቀዋል።

ከ1846 እስከ 1870 ዓ.ም.፦ ከአምባ ጫራ እስከ ቦሩ ሜዳ

በዘመነ መሳፍንት የበጌምድር ገዢዎች ከደብረ ታቦር ተቀምጠው አገሩን ሲያዝዙ የሃይማኖቱ ክፍፍል ከመሳፍንቱ ክፍፍል ጋር ተዳብሎ ነበር። አንዱ መስፍን አንዱን ወገን ሲይዝ ተቀናቃኙ ሌላውን ይይዛል። በ1846 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሳ፣ በዓመቱ ቴዎድሮስ ተብሎ የሚነግሠው፣ ከአቡነ ሰላማ ጋር በአምባ ጫራ ጉባኤ አድርጎ የተዋሕዶን ትምህርት በአዋጅ አጸና። ካሳ አገር አንድ የሚያደርግ እምነት ይፈልግ ነበር፤ አቡኑ ደግሞ እምነቱን የሚያስከብር ክንድ።

ቴዎድሮስ ኋላ ደብረ ታቦር ላይ ሲቀመጥ በአቅራቢያው ባለችው ጋፋት ሌሎች ክርስቲያኖች ሰፈሩ። ከአውሮፓ የመጡት የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን መዳን በእምነት ብቻ ነው፤ ካሳው አንዴ ተከፍሏል የሚለውን ስብከት ይዘው መጡ። ንጉሡ ግን መድፍ አሠራቸው። ትልቁ ሴባስቶፖል የተሠራው በእነዚሁ ሰዎች እጅ ነው። ይህ አጋጣሚ የዘመኑን ነገር ሁሉ ይናገራል።

የመጨረሻው ቁርጥ የመጣው በግንቦት 1870 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኙ። ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፤ ሦስት ልደት ተወገዘ፤ ተዋሕዶ የመንግሥቱ ሃይማኖት ሆኖ ጸና። ውሳኔው ለተሸነፉት ምርጫ አልተወላቸውም፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ የታዘዘው በዚያው ጊዜ ነው። ሃይማኖት በአዋጅ ሲሰጥ ዳኛ የነበረው ፍቅር ነው ማለት ያስቸግራል። ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የዘለቀው የጉባኤ ጠብ ግን በዚህ አበቃ፤ ቅባት በምሥራቅ ጎጃም አንዳንድ አድባራት ሲቀር ሌላው ወደ አንዱ ገባ። ያሬድ ለመግባት ጉባኤ አላስፈለገውም፤ ቀድሞም በሁሉም ቤት ነበር።

ከ1947 እስከ 1967 ዓ.ም.፦ ጣራው ሥር ያለው ቤተ ክርስቲያን

ገና ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ቶማስ ፓክንሃም የተባለ ወጣት በ1947 እና 1948 ዓ.ም. አካባቢ የጥንት ነገሥታት ልጆች የታሰሩባቸውን አምባዎች ፍለጋ በጎንደርና በወሎ ተራሮች ሲዞር ቤተ ልሔም ደረሰ። ከውጭ የሚታየው እንደ አገሩ ክብ የሣር ክዳን ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ውስጡ ሲገባ ግን በክዳኑ ሥር በአክሱም አሠራር ከድንጋይና ከእንጨት የተገነባ አራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጎ ቆሟል። ‹የራሴላስ ተራሮች› በተባለው መጽሐፉ ጻፈው፤ የውጭ ምሁራንም ‹ተገኘ› አሉ። ከድንጋዩ ሥር ለትውልድ ሲዘምሩ ለኖሩት ካህናት መቼም የጠፋ ነገር አልነበረም።

በእነዚያ ዓመታት ድጓ የሚማረው ልጅ ኑሮ ከመቶ ዓመት በፊት ከነበረው ብዙ አይለይም ነበር። ለምድ ይለብሳል፣ አኩፋዳ ያነግታል፣ በየደጁ በእመቤታችን ስም ይለምናል፣ ሌሊት በየኔታ ፊት ያዜማል። ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ከዚያ ድጓ። ድጓውን ከየኔታ መጽሐፍ እየገለበጠ በመቃ ብዕር የራሱን ብራና ይጽፋል፤ ስለዚህ መጽሐፉን ሲጨርስ ዜማውንም ጨርሷል። ያኔ ለምስክር ቤተ ልሔም ይሄዳል። እዚያ ሲያስመሰክር ከሰማው ጋር የማይገጥም ሁሉ ይቃናለታል፤ ተመርቆ መሪጌታ ሆኖ ይወጣል።

ይህን ኑሮ የተሸከመው ሁለት ነገር ነበር፦ የገበሬው እንጀራና የቤተ ክርስቲያኑ መሬት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሁለተኛው ተነሣ። ብዙ ገበሬ ከባለ ርስት ጫና በመላቀቁ ተደሰተ፤ የሚደሰትበትም ምክንያት ነበረው። መምህሩ ግን የሚተዳደርበት መሬት ቀረ። ከዓመታት በኋላም ድርቁ መጣ። የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ጋይንቶቹና ስማዳ፣ ዝናብ ሲስት ቀድመው የሚጎዱ አገሮች ናቸው። ገበሬው ራሱ ሲራብ አኩፋዳ ባዶ ይመለሳል።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ፦ ከጋይንት ውጭ

ቤተ ልሔም ግን አልተዘጋም። ይልቁንም ስልቷ ከምንጊዜውም በላይ ተዘረጋ። በሙዚቃ ጥናት የታወቁት ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ በ1980ዎቹ ባሳተሙት የዜማ ስብስብ እንዳሳዩት በአሁኑ ዘመን በአብዛኛው የሚሰማው የቤተ ልሔም ስልት ነው። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የፈለሱት መሪጌቶች ይዘውት ሄዱ፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ ወደ ዋሽንግተንና ለንደን ተሻገረ። ድጓው ታተመ፤ የዛሬ ተማሪ ብራና ሳይፍቅ በገበያ የተገዛ መጽሐፍ ይዞ መጀመር ይችላል፤ የየኔታን ድምፅም በስልኩ ይቀዳል።

ይህ ሁሉ አዲስ ክርክር አምጥቷል፤ አሁን ግን ስለ ባሕርይ አይደለም። በሰንበት ትምህርት ቤቶች በኩል የመጣው የአማርኛ መዝሙር በካሴት፣ ኋላም በኢንተርኔት አገሩን ሞላ። የመስቀሉን ፍቅር በአማርኛ የሚሰማ ወጣት ልቡ ይነካል፤ ያው ፍቅር በግዕዝ ድጓ ሲዜም ግን ትርጉሙ ያመልጠዋል። ሊቃውንቱ በሁለት ተከፍለዋል። አንዳንዱ አማርኛው መሰላል ነው፣ ወደ ድጓው ያወጣል ይላል። ሌላው ሰው መሰላሉ ላይ ቀርቷል ብሎ ይቆጫል። ሁለተኛው ወገን ያለ ምክንያት አልተቆጨም፤ በዓል ሲደርስ የወጣቱ መዝሙር አደባባዩን ሲሞላ ድጓውን የሚመሩት መሪጌታ ድምፅ ማጉያው የሚደርሳቸው በመጨረሻ ነው።

ከዚህ ክርክር ሌላ ጦርነትም መጥቷል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. በትግራይ የጀመረው ጦርነት ጋይንት ገብቶ የነፋስ መውጫ ከተማ ለቀናት በትግራይ ኃይሎች እጅ ስትወድቅ የአገሩ ሰው ተሰደደ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተከትሏል። መንገድ ሲዘጋ የሩቅ አገር ተማሪ ወደ ምስክር ቤት መድረስ አይችልም፤ የደረሰውም ለመመለስ ይቸገራል። የታተመው ድጓ በየከተማው ይሸጣል። ተማሪው ዜማውን ይዞ መሪጌታ የሚባለው ግን ዛሬም የኔታ ፊት ተቀምጦ ሲታረም ከቆየ በኋላ ነው።